የቴክኒክ ችግርና የተጠቃሚ አስተያየት በፕሮግራመሮች ማኅበረሰብ፦ ከስታክ ኦቨርፍሎው ውዝግብ ምን እንማራለን?

ሶፍትዌር የሚያበለጽግ ባለሙያ ከሥራ ሰዓቱ ሰፊውን ድርሻ የሚያውለው አዲስ ነገር በመጻፍ ላይ ሳይሆን፣ የተጻፈው ነገር ለምን እንደማይሠራ በመመርመር ላይ ነው። ይህ ምርመራ ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ ሥራ ሆኖ አያውቅም። ባለሙያው የገጠመውን የስህተት መልእክት ገልብጦ ይፈልጋል፤ ከእርሱ በፊት በሌላ ሀገር፣ ምናልባትም ከዐሥር ዓመት በፊት፣ ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ሰው ጠይቆ ሌላው መልሶለት ያገኛል። የዛሬው የሶፍትዌር ኢንዱስትሪ የቆመው በአብዛኛው ክፍያ በማይጠይቅ የእርስ በርስ ትብብር ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚህ ትብብር ዋነኛ ማዕከል ሆኖ የቆየው እ.ኤ.አ. በ2008 በጄፍ አትዉድና በጆኤል ስፖልስኪ የተመሠረተው ስታክ ኦቨርፍሎው ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር። ጠያቂ ይጠይቃል፤ ማንም ይመልሳል፤ አንባቢዎች ድምፅ ይሰጣሉ፤ የተሻለው መልስ ወደ ላይ ይወጣል። በጎ የሠራ ሰው ነጥብ ያገኛል፤ ነጥቡ ሲበዛ የሌሎችን ጽሑፍ የማረምና የማስተካከል ሥልጣን ይሰጠዋል። ጥያቄና መልሱ ምንጩን ጠቅሶ ማንም ሰው እንዲጠቀምበት በሚፈቅድ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለሚወጣ፣ ዕውቀቱ በሕግ ደረጃ የማኅበረሰቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ፕሮሰስ የተባለው ድርጅት ኩባንያውን በ1.8 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛው ዋጋውን የሰጠው ለሕንፃ ወይም ለማሽን አልነበረም። የገዛው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በነፃ የጻፉትን መልስና ሰዎቹ ነገም ተመልሰው ይመጣሉ የሚለውን ተስፋ ነው።

ጉዳዩ ለሀገራችን ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ኢኒሼቲቭ ወጣቶች የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ዕውቀት በበይነ መረብ በነፃ እንዲያገኙ ለማድረግ የተነደፈ ነው። ሥልጠናውን የጨረሰ ወጣት የምስክር ወረቀቱን ከያዘ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር የሚገጥመው ፈተና ሥልጠናው ውስጥ ያልነበረ ስህተት ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ትውልድ በእንዲህ ዓይነት ጊዜ የሚያንኳኳው በር ነበረው። አሁን ያ በር ምን ሆኗል የሚለው ጥያቄ የሥልጠናውን ፍሬ ይነካል።

በዚህ ማኅበረሰብ ውስጥ እምብዛም የማይነገርለት ነገር ግን ትልቅ ትምህርት ያለው ክፍል ሜታ የሚባለው ነው። በዋናው መድረክ ሰዎች ስለ ፕሮግራሚንግ ይጠይቃሉ፤ በሜታ ግን ስለ መድረኩ ስለ ራሱ ይጠይቃሉ። አንድ አዝራር ካልሠራ፣ አንድ ገጽ በስልክ ላይ ከተበላሸ፣ አንድ ደንብ ፍትሐዊ ካልመሰለ ተጠቃሚው እዚያ ይጽፋል። እያንዳንዱ ጽሑፍ የጉድለት ሪፖርት፣ አዲስ አገልግሎት የመጠየቅ ሐሳብ፣ የድጋፍ ጥያቄ ወይም ውይይት ተብሎ ይለያል። ከዚያም የኩባንያው ሠራተኞች የጉዳዩን ደረጃ በአደባባይ ያስቀምጣሉ፤ በመታየት ላይ ነው፣ ታቅዷል፣ ተጠናቅቋል፣ እንዲህ የሆነው ሆን ተብሎ ነው፣ ወይም ተቀባይነት አላገኘም።

ከእነዚህ ሁሉ ምልክቶች መካከል ትልቁ ዋጋ ያለው የመጨረሻው እንደሆነ ይህ ጸሐፊ ያምናል። «ተጠናቅቋል» ማለት ለማንም ቀላል ነው። «ተቀባይነት አላገኘም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ብሎ በሺዎች ፊት መጻፍ ግን ለጠያቂው አክብሮት መስጠት ነው። ጠያቂው ይናደድ ይሆናል፤ ሆኖም ሐሳቡ ተነብቦ፣ ተመዝኖ እንደተወሰነበት ያውቃል፤ ነገ የሚመጣው ሌላ ሰውም ያንኑ ጥያቄ ከማንሳቱ በፊት ምክንያቱን አንብቦ ይከራከራል ወይም ይተወዋል። በየትኛውም ተቋም የአስተያየት መስጫ ሣጥን የሚሞተው መልሱ «አይሆንም» በመሆኑ ሳይሆን መልስ የሚባል ነገር ባለመኖሩ ነው። የመንግሥትና የግል ድርጅቶች የቅሬታ መቀበያ ሥርዓት ሲዘረጉ የቅጹን ውበት ከማሳመር ይልቅ ይህን የደረጃ ምልክት ቢወስዱ ብዙ ይጠቀማሉ።

ማኅበረሰቡ ግን እንከን የለሽ አልነበረም። ጥራትን ለመጠበቅ የተሠራው ሥርዓት ቀስ በቀስ በጀማሪዎች ላይ ጨካኝ ሆነ። ጥያቄህ ከዚህ ቀደም ተጠይቋል ተብሎ መዘጋት፣ ያለ ማብራሪያ አሉታዊ ድምፅ መቀበል፣ «መጀመሪያ ፈልግ» መባል የብዙዎች የመጀመሪያ ቀን ትዝታ ሆነ። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 መድረኩ ለአዲስ መጤዎች፣ በተለይም ለሴቶችና በቁጥር ላነሱ ወገኖች፣ እንግዳ ተቀባይ አለመሆኑን በይፋ አምኖ ጽፏል። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው ችግሩ ድርብ ነው። መድረኩ ከእንግሊዝኛ ውጭ በፖርቱጋልኛ፣ በሩስኛ፣ በስፓንኛና በጃፓንኛ ቅርንጫፎች ነበሩት፤ በአማርኛ ወይም በሌላ የኢትዮጵያ ቋንቋ ግን የለም። ስለዚህ የኛ ጀማሪ ችግሩን ከመግለጹ በፊት ቋንቋውን ይታገላል፤ የአረፍተ ነገሩ ድክመትም የዕውቀት ድክመት ተደርጎ ይወሰድበታል።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2022 ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ሲቀርብ ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። በቀናት ውስጥ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፉ መልሶች መድረኩን አጥለቀለቁት። ማኅበረሰቡም እነዚህን መልሶች ከለከለ። የተሰጠው ምክንያት ዛሬም ሊጤን የሚገባው ነው፤ መልሶቹ ብዙ ጊዜ ስህተት ናቸው፣ ትክክል ግን ይመስላሉ፣ ለማምረትም እጅግ ቀላል ናቸው። መጥፎ መልስ በደቂቃ ይጻፋል፤ ስህተትነቱን ለማረጋገጥ ግን ዕውቀት ያለው ሰው ግማሽ ሰዓት ያጠፋል። የበጎ ፈቃደኞች ጊዜ ውሱን በሆነበት ቦታ ይህ ሚዛን ከተዛባ ሥርዓቱ ይወድቃል።

ከስድስት ወር በኋላ የኩባንያው አመራር ለአወያዮቹ የተለየ መመሪያ ሰጠ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጽፏል በሚል ጥርጣሬ መልስ መሰረዝንና ተጠቃሚ ማገድን በእጅጉ የሚገድብ ነበር። የኩባንያው ክርክር ከንቱ አልነበረም፤ መለያ መሣሪያዎቹ አስተማማኝ አይደሉም፣ በስህተት የሚታገዱ ሰዎች አሉ የሚል ነበር። ውዝግቡን ያቀጣጠለው ግን የመመሪያው ይዘት ብቻ ሳይሆን አወጣጡም ጭምር ነው። ውሳኔው ሥራውን በነፃ የሚሠሩትን ሰዎች ሳያማክር መጣ፤ ለአወያዮች በግል የተነገረውና ለሕዝብ የተገለጸውም አንድ አይደለም የሚል ቅሬታ ተነሣ። ጁን 5 ቀን 2023 ብዙ አወያዮችና ንቁ ተጠቃሚዎች ሥራ አቆሙ። አድማው እስከ ኦገስት ዘለቀ። የተቋጨውም ሁለቱ ወገኖች ተወካይ ሰይመው ተደራድረው አወያዮች በምን ዓይነት ምልክት ላይ ተመሥርተው መሰረዝ እንደሚችሉ ከተስማሙ በኋላ ነው። ለሕዝብ በየጊዜው ይለቀቅ የነበረውና ተቋርጦ የነበረው የመረጃ ቅጂም ዳግም እንዲቀጥል ተደርጓል።

ደመወዝ የማይከፈለው ሰው አድማ መምታቱ ለአንዳንዱ አስቂኝ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ይህ አድማ ያሳየው ነገር ከባድ ነው። ኩባንያው አገልጋዮቹን፣ ስሙንና ኮዱን ይዞ ነበር፤ ቆሻሻውን የሚጠርጉት እጆች ሲታጠፉ ግን የያዘው ንብረት ዋጋው በየቀኑ እየቀነሰ የሚሄድ ክምር ሆነ። በሜይ 2024 ኩባንያው ከኦፕንኤአይ ጋር ስምምነት ማድረጉን ሲያስታውቅ ደግሞ የተወሰኑ ተጠቃሚዎች ለዓመታት የጻፉትን መልስ በቁጣ ለመሰረዝ ሞከሩ። መድረኩም መልሶቹን ወደ ነበሩበት መልሶ ሰዎቹን ለጊዜው አገደ። በሕጉ በኩል ኩባንያው የሚቆምበት መሬት ነበረው፤ ፈቃዱ አንዴ የተሰጠን ጽሑፍ መልሶ መውሰድን አይፈቅድም። በመተማመን በኩል ግን የተረፈው ጥቂት ነው።

ዛሬ ወደ መድረኩ የሚመጣው አዲስ ጥያቄ ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር እጅግ አንሷል። ፕሮግራመሮች ቀድመው የሚጠይቁት ማሽኑን ነው። ኩባንያው ራሱ በየዓመቱ በሚያደርገው የባለሙያዎች ጥናት መሠረት በ2025 ከመላሾቹ 84 በመቶ የሚሆኑት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ይጠቀማሉ ወይም ለመጠቀም አቅደዋል፤ 46 በመቶዎቹ ግን በመሣሪያዎቹ መልስ ትክክለኛነት አይተማመኑም። የሚጠቀሙበትን ነገር የማያምኑ ሰዎች ብዛት ይህን ያህል መሆኑ በራሱ የዘመኑን ሁኔታ ይገልጻል። ማሽኑ ጀማሪን አይሰድብም፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ቢጠየቅም ይመልሳል፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ችግሩ ያለው በሌላ ቦታ ነው። ማሽኑ የተማረው ሰዎች በአደባባይ ከጻፉት መልስ ነው። ሰዎች በግል መስኮት ብቻ ከጠየቁ፣ የነገው አዲስ ችግር መፍትሔ በአደባባይ አይጻፍም፤ ብዙ ያልተጻፈበት ጉዳይ ደግሞ በልበ ሙሉነት ለሚሰጥ የተሳሳተ መልስ የተጋለጠ ነው።

የእኛ ጉዳዮች ከእነዚህ ብዙ ካልተጻፈባቸው መካከል ናቸው። የዘመን አቆጣጠራችንን እንውሰድ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ከጎርጎርዮሳዊው ጋር ያለን ልዩነት ሰባት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት ይሆናል። ሁልጊዜ ስምንት የሚቀንስ ፕሮግራም በየዓመቱ ለወራት ይሳሳታል። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ የሚያስብ ፕሮግራም ደግሞ የ2016 ዓ.ም. አዲስ ዓመት በሴፕቴምበር 12 ሲገባ አንድ ቀን ስቷል። በሰፊው የሚሠራበት የጃቫ ቋንቋ ከመደበኛ የቀን መሣሪያዎቹ ጋር የሂጅራን፣ የጃፓንን፣ የታይላንድንና የታይዋንን አቆጣጠር ይዞ ሲመጣ የኢትዮጵያን አላካተተም፤ ተጨማሪ ቤተ መጻሕፍት መጫን ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ጀማሪ የራሱን ስሌት ይጽፋል፤ ስህተቱንም ከራሱ ጋር ይደግማል።

ፊደላችንም እንዲሁ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተካቶ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር አገኘ፤ ከዚያ በኋላ በ2005፣ በ2010ና በ2021 ለሌሎች የሀገራችን ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨምረዋል። ይህ የሆነው ማንም በራሱ ጊዜ አስታውሶን አይደለም። የጎደለውን ፊደል በማስረጃ አስደግፈው ያመለከቱ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ቢሆንም መለያ ቁጥር ማግኘት የመንገዱ መጀመሪያ ብቻ ነበር። ኮምፒውተር ሀ፣ ሐ እና ኀን ሦስት የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ያያል፤ ስለዚህ «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበ ስም «ጸሀይ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም። ስም የሚቀበል ቅጽ የላቲን ፊደል ብቻ እንዲቀበል ከተጻፈ የአማርኛ ስም ስህተት ተብሎ ይመለሳል። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ሲይዝ በግዕዝ የሚይዘው 70 ብቻ በመሆኑ፣ በእንግሊዝኛ በአንድ መልእክት የሚያልቅ ማሳወቂያ በአማርኛ ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ ወጪው ይጨምራል። እነዚህን ጉድለቶች ሊያይ የሚችለው በቋንቋው የሚጠቀም ሰው ነው፤ ሌላ ሀገር ያለ መሐንዲስ በቅንነት ቢሠራ እንኳ አይታየውም።

በሀገራችን ያሉ ፕሮግራመሮች እነዚህን ጉዳዮች አይወያዩባቸውም ማለት አይደለም። ብዙዎቹ በቴሌግራም ቡድኖች ይጠያየቃሉ፤ ጥሩ መልስም ይሰጣጣሉ። ነገር ግን መልሱ በወሬው ጎርፍ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። በፍለጋ አይገኝም፤ ድምፅ አይሰጠውም፤ ስህተት ከሆነ የሚያርመው የለም። ያው ጥያቄ በሳምንቱ ተመልሶ ይጠየቃል። በአንጻሩ በአደባባይ መድረክ የተጻፈ አንድ በሚገባ የታረመ መልስ ለዐሥር ዓመት ያገለግላል።

የሕዝብ አገልግሎቶቻችንም በዚህ ክፍት ትብብር ላይ የቆሙ ናቸው። ፋይዳ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ፣ በሕንድ ባንጋሎር በተጀመረ ክፍት ምንጭ ሥርዓት ላይ ነው። የጤና መረጃ የሚሰበሰብበት ዲኤችአይኤስ ሁለት ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመነጨ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ሲሆን የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ይደግፋል። በእንዲህ ዓይነት ሥርዓት ተጠቃሚ መሆንና የማኅበረሰቡ አባል መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጉድለት ሲገጥመው በውስጡ ብቻ ጠግኖ ዝም የሚል ተቋም፣ አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ያንኑ ጥገና ይደግማል። ጉድለቱን ለምንጩ የሚያሳውቅና ጥገናውን የሚያካፍል ግን አንድ ጊዜ ሠርቶ ያርፋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው አባባል ለሶፍትዌር ጥገና የተነገረ ይመስላል።

ሸክሙ በአንድ ሰው ላይ ሲቀር የሚሆነውን በማርች 2024 ዓለም አይቷል። ኤክስዜድ የተባለው የፋይል ማመቂያ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሥርዓቶች ውስጥ ይገኛል፤ ለዓመታት የጠበቀው ግን በመሠረቱ አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች «ሥራው ዘገየ፣ ለሌላ ሰው ይሰጥ» እያሉ በተጠቃሚ አስተያየት ስም ወተወቱት። ረዳት ሆኖ የቀረበውና ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት ሠርቶ አመኔታን ያገኘው ሰው በመጨረሻ በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞች ውስጥ ወደ አገልጋይ ኮምፒውተሮች በድብቅ የሚያስገባ በር ቀበረ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው። ከርቀት ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አስተዋለ፤ ችላ ሳይል መረመረ፤ በማርች 29 ቀንም ግኝቱን በአደባባይ ጻፈ። ጉድለቱ በስፋት ከመሰራጨቱ በፊት ተያዘ። አስተያየት ሁሉ ቅን እንዳልሆነ፣ በሚገባ የተጻፈ አንድ ሪፖርት ግን ስንት ሥርዓት እንደሚያድን ከዚህ የበለጠ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል።

የፍሮይንድ ሪፖርት ኃይሉ በዝርዝርነቱ ነበር። ምን እንዳደረገ፣ ምን እንደጠበቀ፣ ምን እንዳየ፣ በየትኛው እትም ላይ እንደሆነ ጽፏል። በስታክ ኦቨርፍሎውም ሆነ በጊትሃብ ጥያቄያቸው የሚመለስላቸው ሰዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ከረጅሙ ፕሮግራም ችግሩን ብቻ የሚያሳየውን አጭር ክፍል ነጥለው ያቀርባሉ። «አይሠራም፤ እባካችሁ እርዱኝ» የሚል ጥያቄ ትሕትና ቢኖረውም የሚመልሰው ሰው የሚይዘው ጫፍ የለውም። የኮዲንግ ሥልጠናዎች ቋንቋና መሣሪያ በሚገባ ያስተምራሉ፤ ጉድለትን የመግለጽ ጽሑፍ ግን እንደ ትምህርት ዓይነት ሲሰጥ እምብዛም አይታይም። ለዚህ ሁለት ሳምንት መመደብ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ መጀመርም ይቻላል፤ ምክንያቱም ችሎታው ከእንግሊዝኛ በፊት የሚመጣ የማሰብ ሥርዓት ነው።

ለመጀመሪያ ልምምድ የሚሆን ጉዳይም ቅርብ ነው። የሚቀጥለው ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. ይመጣል። በዚያ ዕለት ሕፃናት ይወለዳሉ፣ ውሎች ይፈረማሉ፣ ደረሰኞች ይቆረጣሉ። ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያሳይ ወይም ጳጉሜን በአምስት ቀን የሚዘጋ ቅጽ ያለው ሥርዓት ያን ቀን አይቀበልም። ማንኛውም ተማሪ ዛሬ በእጁ ባለው ስልክ ቀኑን አስገብቶ መሞከር፣ የተገኘውን በዝርዝር መጻፍ፣ ለሥርዓቱ ባለቤት መላክና የሚሰጠውን የደረጃ ምልክት መጠበቅ ይችላል።